ያልተበላችው ንግሥት

እስከ አሥር ዓመቴ ድረስ አባቴ በጨዋታ አንድም ቀን ለቆልኝ አያውቅም።

ከአምስት ዓመቴ ጀምሮ ቼዝ አጫውቶኛል፤ ከአምስት ዓመቴ ጀምሮ አሸንፎኛል። የኒሙ ዛፍ ጥላ በረንዳችን ላይ ሲደርስ ሰሌዳውን በባዶ የለስላሳ ሳጥን ላይ ዘርግቶ ይጠራኛል። እንባዬ እየወረደም ቢሆን ንጉሤን ማሳደዱን አይተውም። እናቴ ቶይባ ከውስጥ ሆና፣ «ኧረ አደም፣ አንድ ቀን እንኳ ልቀቅላት! ምን ይቀርብሃል?» ትለዋለች። እሱ ቀና ሳይል፣ «ለሰው መልቀቅ መናቅ ነው» ይላታል።

መናቅ ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር። መሸነፍን ግን በደንብ አውቀው ነበር። ሆኖም ሰሌዳው ፊት ስንቀመጥ ከአባቴ ጋር ሁለታችን ብቻ ነን። ብርቱካን ልጦ፣ ፍሬውን አንድ በአንድ እየለየ ያቀብለኛል። ሽንፈቴን ከብርቱካኑ ጋር እውጠዋለሁ።

አባቴ መምህር አደም ከሚሴ ውስጥ ሒሳብ አስተማሪ ነው። ዩኒቨርሲቲ እያለ አዲስ አበባ ተወዳድሮ ሬቲንግ አግኝቷል፤ በዓለም የቼዝ ተጫዋቾች መዝገብ ላይ ከስሙ ጎን 1784 የሚል ቁጥር ተጽፎለታል ማለት ነው። በከተማችን እንዲህ ዓይነት ቁጥር ያለው ሰው እሱ ብቻ ነበር። እኔ ደግሞ ሬቲንግ እንደ ቁመት ነገር፣ ሰው ሲያድግ በራሱ የሚጨምር ይመስለኝ ነበር። የሒሳብ ደብተሬ ጀርባ ላይ «ሁዳ አደም 2000» ብዬ ጽፌ ነበር።

ከዚያ መድና መጣች።

መድና የሰንበቴ ልጅ ናት። አባቷ ሲሞት አጎቷ ሙሳ፣ ከዋናው መንገድ ዳር የባጃጅ ዕቃ የሚሸጠው ሰውዬ፣ ወደ ከሚሴ አምጥቶ ትምህርት ቤት አስገባት። ያኔ አሥራ አራት ዓመቷ ነበር፤ እኔ ዘጠኝ። አባቴ ያገኛት በትምህርት ቤቱ የቼዝ ክበብ ነው። ልጆች ሲጫወቱ ከኋላ ቆማ ታያለች። ከዕለታት አንድ ቀን በጣቷ ጠቁማ፣ «ያ ፈረስ ከሦስት እንቅስቃሴ በኋላ ይበላል» አለች፤ በሦስተኛው ተበላ። አባቴ ያን ቀን ቤት ገብቶ ጫማውን ሳያወልቅ ለእናቴ ሲነግራት ትዝ ይለኛል። ምሳው እስኪቀዘቅዝ ያወራው ስለ አንዲት የማላውቃት ልጅ ነበር።

በሳምንት ሦስት ቀን እኛ ቤት መምጣት ጀመረች። ከበሩ ላይ ሆና «አካም ጅርታ፣ መምህር» ብላ በኦሮምኛ ሰላም ትለዋለች፤ እሱም «ኮቱ፣ ኮቱ፣ ታኢ» ብሎ እንድትቀመጥ ይጠራትና ሰሌዳውን ይዘረጋል። በእኔ ሳጥን ላይ። የተቀመጠችበት ዱካም የእኔ ነው። አንድ ቀን ጥሩ ስትጫወት «ጋሪዳ፣ ኢንተለ ኮ» አላት፤ «ጥሩ ነው፣ ልጄ» ማለቱ ነው። ውስጥ ሆኜ የሰማሁት ቃል እንደ እሾህ ወጋኝ። ኢንተለ ኮ እኔ ነኝ! በእኛ አገር መንገድ የሚጠይቅ ሽማግሌ ለማያውቃት ልጅ ሁሉ የሚላት ቃል መሆኑን ዛሬ አውቃለሁ። ያኔም ሳላውቀው አልቀርም፤ ግን ቃሉ ከአባቴ አፍ ወጥቶ ለሌላ ልጅ ሲሄድ ሌላ ትርጉም የለውም ነበር።

ብርቱካን ይዞ ሲያስብ ልጣጩ ግማሽ ድረስ ወርዶ ይቀራል። ለእሷ አይሰጣትም፤ ለኔም አይሰጠኝም፤ እጁ ላይ ይረሳዋል። ይህ ለእሷ ከመስጠቱ ይልቅ አናደደኝ። ከእኔ ጋር ሲጫወት ብርቱካኑን ረስቶት አያውቅም ነበር።

በስምንተኛው ወር አሸነፈችው። ከበሩ ሥር ተቀምጬ ነበር። አባቴ ሰሌዳውን አየ፤ መልሶ አየ፤ ከዚያ ጭኑን እየመታ ሳቀ። «ቶይባ! ነይ እዪ! ይቺ ልጅ ጨረሰችኝ ወላሂ!» እናቴ እጇን እየጠረገች ወጥታ «ማሻአላህ» አለች። ተሸንፎ የሚደሰት ሰው ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁ። ለቆላት ነው አልኩ በሆዴ። ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?

በዚያው ክረምት አባቴ መድናን ለውድድር ወደ አዲስ አበባ ወሰዳት። ልጅቷ ብቻዋን ከወንድ መምህር ጋር አትሄድም ተብሎ እናቴም አብራ ሄደች። እኔ ባቲ አክስቴ ጋ ቀረሁ። ለአንድ ሳምንት ሙሉ፣ ግመሎች አቧራ እያስነሡ በሚያልፉበት በር ላይ ተቀምጬ፣ አባቴና እናቴ አንዲት ልጅን መሐል አድርገው በአዲስ አበባ መንገድ ሲሄዱ አየኋቸው። ማለቴ በዓይነ ኅሊናዬ። ሲመለሱ ለኔ አበባ ያለበት ጫማ አመጡልኝ። መድና ደግሞ ቁጥር ይዛ መጣች፤ 1561። ቁጥሩን አባቴ የገዛላት መሰለኝ። ለኔ ጫማ፣ ለእሷ ቁጥር። ጫማው ልኬ ነበር፤ ግን ጠበበኝ ብዬ አላደርገውም አልኩ።

ከሚሴ ላይ ሌላ ውድድር ሊደረግ ሁለት ሳምንት ሲቀር፣ አንድ ከሰዓት በኋላ ሙሳ ቤታችን መጣ። አባቴና እሱ በረንዳው ላይ ተቀመጡ። እኔ የቤት ሥራ እየሠራሁ መስኮቱ ሥር ነበርኩ።

«መምህር፣ እርስዎን አከብራለሁ» አለ ሙሳ። «ግን ነገሩ አልቋል። እኔ ስድስት ልጆች አሉኝ።»

«እስከ ውድድሩ ታገሠኝ።»

«ከዚያስ?»

«እንደ ሰሞኑ ከተጫወተች ታሸንፋለች» አለ አባቴ። «ካሸነፈች አትሄድም። ኃላፊነቱን እኔ እወስዳለሁ።»

ሙሳ «ኢንሻአላህ» ብሎ ተነሣ። እናቴ ከኋላ ወጥታ ለአባቴ ቀስ ብላ ስትናገር ሰማሁ፦ «ካሸነፈች ነገሩ እስኪስተካከል እኛ ጋ ትሁን። ከሁዳ ጋር ትተኛለች፤ አልጋው ይበቃቸዋል።»

እስክሪብቶዬ ደብተሩን ቀደደው።

ሙሳ አልቋል ያለው ነገር መድና በቤት ሠራተኝነት የምትሄድበት የዓረብ አገር ቪዛ መሆኑን ማን ይንገረኝ? እኔ የሰማሁት ካሸነፈች እንደማትሄድ ብቻ ነው። ካልሄደች እኛ ቤት ትገባለች፤ አልጋዬ ላይ ትተኛለች፤ አባቴም ኃላፊነቱን ይወስዳል። ኃላፊነት መውሰድ አባት መሆን ነው ብዬ ደመደምኩ። እውነቱ ግን ተቃራኒው ነበር። ከአዲስ አበባ አንድ የቼዝ ክለብ የመጡ ሰውዬ፣ ከአሥራ ስምንት ዓመት በታች ሆኖ አንደኛ የወጣውን ወስደው፣ አሳድረው ሊያስተምሩ ቃል ገብተው ነበር። መድና ብታሸንፍ ኖሮ ሻንጣዋን ይዛ ከቤታችንም ከከሚሴም ትወጣ ነበር። ይህን ባውቅ ኖሮ እንድታሸንፍ ዱዓ አደርግ ነበር።

ውድድሩ የተደረገው ጥር ላይ፣ በመንፈቅ ዓመት ዕረፍት፣ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ነው። ሦስት ቀን፣ ስድስት ዙር። ከደሴ፣ ከኮምቦልቻ፣ ከሸዋ ሮቢት ተጫዋቾች መጡ። አባቴ ለመወዳደር አላሰበም ነበር፤ አዘጋጆቹ ሬቲንግ ያለው ሰው አነሰን ብለው ለምነው አስገቡት። የአዳራሹ ቆርቆሮ በፀሐይ ይንጣጣል። ከውጭ የከባድ መኪና ጥሩምባ በመጣ ቁጥር ዋናው ዳኛ፣ አቶ ፈቃደ የሚባሉ ረጋ ያሉ ሰው፣ ልክ መኪናውን ዝም እንደሚያሰኙ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ ያደርጋሉ።

በመጨረሻው ዙር አባቴና መድና እርስ በርስ ደረሳቸው።

መድና ካሸነፈች አንደኛ ናት። ካላሸነፈች ወንዴ የሚባል የደሴ ልጅ ከወጣቶቹ አንደኛ ይሆናል። ወንዴና አሠልጣኙ የራሳቸውን ጨዋታ ቶሎ ጨርሰው መጥተው ተመልካች ከሚቆምበት ገመድ ጀርባ፣ ከእኔ ጎን ቆሙ። አሠልጣኙ ትልቅ ሰዓት ያደረገ፣ ማስቲካ የሚያኝክ ሰው ነበር።

አባቴ ነጭ ሸሚዙን ለብሷል። መድና ጥቁር ሻሿን እስከ ቅንድቧ ስባ፣ እጆቿን ጭኗ ሥር አድርጋ ተቀምጣለች፤ ሳታስብ እንዳትነካ አባቴ ያስተማራት ነው። እኔንም አስተምሮኛል፤ እኔ ግን አላደርገውም ነበር። እየተጫወቱ አይተያዩም። ግን ሁለቱም አንድ ቦታ ነው የሚያዩት፣ እኩል ነው የሚተነፍሱት። እኔ ሦስት ሜትር ርቄ ቆሜ ሌላ አገር ያለሁ መሰለኝ።

ከአንድ ሰዓት በላይ ከሄደ በኋላ መድና ንግሥቷን አንሥታ ከአባቴ ንጉሥ አጠገብ አስቀመጠችና የጨዋታውን ሰዓት ተጫነች።

አየሁት። እኔ፣ የአሥር ዓመቷ፣ ወዲያው አየሁት። የአባቴ ፈረስ ንግሥቷን መብላት ይችላል! ምንም የሚጠብቃት የለም። በነፃ የቆመች ንግሥት! አሠልጣኙ ማኘኩን አቆመ።

አባቴ አገጩን ይዞ አሰበ። ሰዓቱ ይቆጥራል። ዓይኑ ከፈረሱ ወደ ንግሥቷ፣ ከንግሥቷ ወደ መድና እጆች ሄደ። ብላት፣ አባ፣ ብላት እያልኩ ነበር። አሥር ደቂቃ ያህል ከቆየ በኋላ እጁን ዘረጋ፤ ንጉሡን አንድ እርምጃ ወደ ጎን አደረገ።

አልበላትም።

ለኔ በአምስት ዓመቴ ያልለቀቀ ሰው! ለኔ እንባዬን እያየ ያልራራ ሰው! ከዚያ በኋላ የሆነውን ብዙም አላየሁም፤ ዓይኔ ተሸፍኖ ነበር። ከሃያ እንቅስቃሴ በኋላ አባቴ መሸነፉን ለማመን ንጉሡን አስተኝቶ እጁን ሲዘረጋላት፣ ፊቱ ላይ ያ የበረንዳው ሳቅ ሲወጣ፣ ጉሮሮዬ ተከፈተ።

«ለቆላት ነው!» ብዬ ጮህኩ። «አባ ለቆላት ነው! ንግሥቷን መብላት ይችል ነበር!»

አሠልጣኙ እጁን ትከሻዬ ላይ አድርጎ፣ «ልጅቱ ያየችውን ሁላችንም አይተናል» አለ ድምፁን ከፍ አድርጎ። «መምህርና ተማሪ ናቸው። ይህ ጨዋታ አይደለም፤ ድራማ ነው!»

ወደ መምህራን ክፍል ወሰዱን። አቶ ፈቃደ፣ ሁለት ሌሎች ዳኞች፣ የክለቡ ሰውዬ፣ አሠልጣኙ፣ አባቴ፣ መድና፣ እኔ። ሰሌዳው መሐል ላይ እንደገና ተደረደረ።

«ንግሥቷን ለምን ሰጠሽ?» አሏት አቶ ፈቃደ።

«አልሰጠሁም» አለች መድና። «ቢበላት ንጉሡ አያመልጥም።» ጠጠሮቹን እያንቀሳቀሰች ማሳየት ጀመረች። ፈረሱ በላ፤ ቼክ ብላ ንጉሡን አስፈራራች፤ ንጉሡ ሸሸ፤ ቼክ፤ ሸሸ። አምስተኛው ላይ አሠልጣኙ ጣልቃ ገብቶ፣ «እኔ እዚህ እገባለሁ። አሁንስ?» አለ። መድና ሰሌዳውን አየች። አፏ ተከፈተ፤ በኦሮምኛ አንድ ነገር ጀምራ አቋረጠችው። መልስ አጣች።

«መምህር፣ እርስዎስ ለምን አልበሉም?»

«ፈራሁ» አለ አባቴ። «መጨረሻውን አላየሁትም። ግን መድና ንግሥቷን በከንቱ አታስቀምጥም፤ አውቃታለሁ።»

አውቃታለሁ። ያቺ ቃል ነበረች የጨረሰችኝ።

አቶ ፈቃደ ወደ እኔ ጎንበስ አሉ። «አትፍሪ የኔ ልጅ። ቤት ውስጥ ስለዚህ ጨዋታ የሰማሽው ነገር አለ?»

ክፍሉ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ፣ አባቴ ጭምር፣ እኔን ብቻ እያየኝ ነበር። ከስንት ጊዜ በኋላ እኔን ብቻ።

«ለአጎቷ ለሙሳ ነግሮታል» አልኩ። «‹ታሸንፋለች፤ አትሄድም፤ ኃላፊነቱን እኔ እወስዳለሁ› ብሎታል።»

«እንደ ሰሞኑ ከተጫወተች» የሚለውን ተውኩት። ረስቼው አልነበረም።

አቶ ፈቃደ ቀና ብለው አባቴን አዩት። «ብለዋል፣ መምህር?»

አባቴ እኔን አየ። ከዚያ መድናን አየ። ከዚያ መሬት አየ።

«ልጄ የሰማችውን ነው የተናገረችው» አለ።

ደስታዬን ልነግራችሁ አልችልም። ከእኔ ጋር ቆመ አልኩ። በዚያ ሁሉ ሰው መሐል «ልጄ» አለኝ፤ መድናን አላላትም። ጨዋታው ተሰረዘ፤ ወንዴ አንደኛ ወጣ። ወደ ቤት ስንሄድ አባቴ እጄን ይዞኝ ነበር፤ በጣም አጥብቆ፣ እስኪያመኝ። ዞር ስል መድና የአዳራሹ ደጅ ላይ ቆማለች። አላለቀሰችም። እኛን ነበር የምታየው። እጄን በአባቴ እጅ ውስጥ ከፍ አድርጌ አወዛወዝኩት፤ እንድታየው።

ሚያዝያ ላይ መድና ወደ ሪያድ ሄደች። ፓስፖርቷ ላይ ሃያ ሦስት ዓመት ተብሎ ተጻፈ፤ አሥራ አምስት ዓመቷ ነበር። እናቴ ሚኒባሱ ድረስ ሄዳ ሸኘቻትና ዓይኗ አብጦ ተመለሰች። «አብሽሪ፣ አይዞሽ» አለችኝ፣ እኔ ምንም ሳልሆን። አባቴ አልሄደም። መድና እንዳይመጣ ብላ እንደነበር ያወቅኩት በቅርቡ ነው፤ ያኔ ግን ረሳት ብዬ ተደሰትኩ።

ከዚያ በኋላ ሰሌዳውን ሁለት ጊዜ ዘረጋልኝ። በሁለተኛው ጨዋታ ንግሥቱን በነፃ አስቀመጠልኝ። ወጥመድ ይሆን ብዬ ሰሌዳውን ዞሬ ዞሬ ፈለግኩ። ምንም አልነበረም፤ በላኋት፤ አሸነፍኩ። አባቴ «ጎበዝ» ብሎ ተነሥቶ ገባ። ብቻዬን ተቀመጥኩ። አምስት ዓመት የለመንኩት ነገር እጄ ላይ ነበር፤ ግን እንደ አመድ ሆነብኝ። ለእናቴ ይላት የነበረው ነገር ያን ቀን ገባኝ። ከዚያ ወዲህ ቼዝ ነክቼ አላውቅም።

እስከ ዓምና ድረስ ማለቴ ነው። ዓምና ቤታችን ሲታደስ የአባቴን የቆዩ ደብተሮች ሳወጣ ያንን ጨዋታ በእጁ ጽፎት አገኘሁ። አሁን ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው፤ አንድ ፋርማሲ ውስጥ እሠራለሁ። ደንበኛ ባልነበረበት ሰዓት ጨዋታውን በስልኬ ላይ ባለ የቼዝ ፕሮግራም ውስጥ አስገባሁት። ንግሥቷ በነፃ የቆመችበት ቦታ ላይ ስደርስ አባቴ እንዲበላ አደረግኩ። ፕሮግራሙ ለማሰብ አንድ ሰከንድ አልፈጀበትም። መድና ታሸንፋለች። አሠልጣኙ ገባሁ ያለበት ቦታ ላይ ስንደርስ ደግሞ መልሱ ቼክ አልነበረም። ከዳር ያለች አንዲት ወታደር አንድ እርምጃ ትሄዳለች፤ ንጉሡ መውጫ ያጣል። በቃ።

አልለቀቀላትም። ተሸንፎ ነው። የሳቀውም የበለጠችው ተማሪ ስላሸነፈችው ነው። መደርደሪያው ላይ ተደግፌ ቆየሁ፤ አንዲት ሴትዮ ለልጃቸው የሳል ሽሮፕ ሲጠይቁኝ ሁለቴ አልሰማኋቸውም።

መድና ከሪያድ የተመለሰችው ከዚያ ሦስት ወር በኋላ ነው። ገበያው አጠገብ ጭማቂ ቤት ከፈተች። ለብዙ ሳምንታት በሌላ መንገድ ስሄድ ከቆየሁ በኋላ አንድ ቀን ረፋድ ላይ ገባሁ። ፓፓያ እየላጠች ነበር። ወፍራለች፤ አንድ ጥርሷ ወርቅ ነው። ወዲያው አወቀችኝ።

«ሁዳ። አካም ጅርታ። ተቀመጪ።»

አልተቀመጥኩም። ሌት ተቀን ያጠናሁትን ተናገርኩ፦ ደብተሩን፣ ስልኩን፣ ጨዋታውን። «ትክክል ነበርሽ» አልኳት። «ወታደሩን አንድ እርምጃ ብትገፊው…»

«አውቃለሁ» አለች፣ ቢላዋውን ሳታቆም። «በሄድኩ በሦስተኛው ወር አገኘሁት። ሰሃን እያጠብኩ። ሰሃኑ ተሰበረ፤ እመቤቲቱ ጮኸችብኝ። እኔ ግን ሳቅኩ።» ፓፓያውን ለሁለት ከፈለችው። «ስልክ ሳገኝ ለአባትሽ ላክሁለት። ‹ወታደሩ አንድ እርምጃ› ብቻ ነው የጻፍኩት። እሱ ብዙ ጻፈልኝ። አልመለስኩለትም።»

ስንት ዓመት ያወቁትን ነው እኔ ዛሬ ይዤ የመጣሁት! በዚያች ቅጽበት የተሰማኝን ብደብቅ ዋጋ የለውም፤ ቅናት ነበር። ልጠይቃት የመጣሁት ይቅርታ ነው፤ ግን የማስበው አባቴ ብዙ የጻፈላትን፣ ለኔ አንድ ቃል ያልተነፈሰውን ነበር።

«ሙሉውን ሰምቼ ነበር» አልኳት በመጨረሻ። «ለሙሳ የነገረውን። ሆን ብዬ ነው የቀነስኩት። ቀንቼብሽ ነበር።»

አሁን ቢላዋውን አስቀመጠች።

«ሳትቀኚ የምትቀሪ መስሎሽ ነው? እኔም እኮ እቀናብሽ ነበር» አለች። «እኔ አሸንፌው ወደ ሙሳ ቤት እሄዳለሁ፤ አንቺ ተሸንፈሽ እዚያው ታድሪያለሽ።» እጇን በውሃ አለቀለቀች። «በአንቺ ሁለት ዓመት ያህል ተናድጄ ነበር፤ ከዚያ ተወኝ። አንቺ ልጅ ነበርሽ። እሱ ግን ትልቅ ሰው ነበር። ያለውን ራሱ ያውቀዋል። አንዲት ዓረፍተ ነገር ቢናገር ይበቃኝ ነበር። ዝም አለ።»

«አባ አንቺን ይናፍቃል» አልኳት።

«ሰላም በይልኝ» አለች። «ለጊዜው አልመጣም።» ከዚያ የቀዳችውን ጭማቂ ገፋችልኝ። «ጠጪ። ቆመሽ አትጠጪ፤ ተቀመጪ።»

ተቀምጬ ጠጣሁ። ሌላ ደንበኛ ገባ፤ እሱን ማስተናገድ ጀመረች።

ቤት ስደርስ አባቴ በረንዳው ላይ የተማሪዎች ፈተና ያርም ነበር። ፀጉሩ ነጭ ሆኗል፤ መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ ነው የሚያደርገው።

«መድና ጋ ሄጄ ነበር» አልኩት።

ቀይ እስክሪብቶው ቆመ።

«አባ፣ ያኔ ሙሉውን ሰምቼ ነበር። ‹እንደ ሰሞኑ ከተጫወተች› ማለትህን።»

«አውቃለሁ።»

«እዚያው ልትናገር ትችል ነበር።»

«እችል ነበር» አለ። መነጽሩን አወለቀ። «ብናገር በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ልጄን ውሸታም ማለቴ ነው። አሥር ዓመትሽ ነበር። ሁለታችሁም ታዩኝ ነበር፤ አንቺም እሷም። አንዳችሁን መጉዳት ነበረብኝ። መረጥኩ።» ድምፁ ቀነሰ። «መድናን የጎዳኋት እኔ ነኝ፤ አንቺ አይደለሽም። ለዚህ ነው ያልነገርኩሽ።»

በአሥር ዓመቴ ይህን ብሰማ እንቅልፍ ባልወሰደኝ ነበር ከደስታ ብዛት። ያን ሁሉ ጊዜ የተጣላሁለት የአባቴ ፍቅር የእኔ ነበር፤ ከበቂ በላይ የእኔ ነበር፤ ሌላ ልጅ ዋጋ እስክትከፍልበት ድረስ። አሁን ሰምቼው የት እንደማስቀምጠው አላወቅኩም።

«ምን አለች?» አለኝ።

«ደህና ናት። ሥራዋ ጥሩ ነው። ሰላም…»

«እንደሱ አይደለም። ያለችውን ሁሉ ንገሪኝ። ሳትቀንሺ።»

ነገርኩት። ሰሃኑን፣ ሳቋን፣ ሳትመልስ የተወችውን መልእክት። «እሱ ግን ትልቅ ሰው ነበር» ያለችውን ስነግረው ዓይኑን ጨፈነ፤ ግን አላቋረጠኝም። መጨረሻ ላይ፣ «‹ሰላም በይልኝ፤ ለጊዜው አልመጣም› ብላለች» አልኩት።

ዓይኑን ገለጠ። «ለጊዜው?»

«ለጊዜው።»

«ቃሏ ነው? ‹አልመጣም› ብቻ አይደለም ያለችው?»

«አይደለም፣ አባ። ‹ለጊዜው› ብላለች።»

በዚያች በአንዲት ቃል ፊቱ ቀስ እያለ ሲበራ አየሁት፤ ለኔ በርቶ አይቼው የማላውቀው ብርሃን። ቀናሁ፤ አልዋሽም። ቢሆንም እንደገና እንድነግረው ሲጠይቀኝ፣ ከአፏ እንደወጣ ደግሜ ነገርኩት።